ታርታር ሳይነሳ የድድ መሸሽ አይመደብም

ደብረ ማርቆስ ይሁን ሞጣ፣ ቢቸና ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ጥርስ ክፍል አዲስ የገባ ባለሙያ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ስላልነበረ የተሳሳተ ምድብ ካርድ ላይ ስሞላ ከርሜያለሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። የድድ መሸሽ የሚለካው ኤናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ ነጭ ሽፋን) አልቆ ሥሩ ከሚጀምርበት መስመር እስከ ድዱ ጠርዝ ነው። ቀጥሎ ፕሮቡን (በሚሊሜትር የተጫረ ቀጭን መለኪያ ብረት) በጥርሱ ቁመት ይዞ ወደ ድዱ ኪስ፣ በድዱና በጥርሱ መካከል ወዳለው ክፍተት፣ ማስገባት፤ ግፊቱ 25 ግራም ያህል ይበቃል። የሁለቱ ድምር ጥርሱ ያጣውን ድጋፍ ይነግራል። የዊልያምስ ፕሮብ የያዘ ሰው 4 እና 6 ላይ ጭረት እንደሌለ አይርሳ፤ ከ3 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 7 ይዘላል። በጥድፊያ የተነበበ 4 ካርድ ላይ 5 ሆኖ ይገባል።

ምድቡን በተመለከተ ብዙዎቻችን ያደግነው በሐኪሙ ሚለር የ1985 (እንደ ፈረንጆቹ) አራት ደረጃዎች ነው። እሱ የሚጠይቀው መሸሹ ጠንካራው ድድ ከለስላሳው የከንፈር ሥጋ ጋር እስከሚለይበት መስመር ደርሷል ወይ፣ በጥርስና በጥርስ መካከልስ አጥንትና ድድ ጎድሏል ወይ የሚለውን ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃው የሚለያዩት በዚያ መስመር ብቻ ሆኖ ለሁለቱም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል የሚል ተስፋ ይሰጣል። ታዲያ መለየቱ ምን ረባን? በ2017 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) የተደረሰበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የካይሮን የ2011 ምድብ ተቀብሏል። ካይሮ እዚህ ከተማዋ ሳትሆን ጣሊያናዊው ሐኪም ነው። ምድቡ ሦስት ብቻ ነው፦ በጥርሶቹ መካከል የድጋፍ መጥፋት ከሌለ አርቲ 1 (አርቲ ማለት የመሸሽ ዓይነት ነው)፤ የመካከሉ ጥፋት ከፊት ለፊቱ፣ በከንፈር በኩል ካለው፣ ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ አርቲ 2፤ የመካከሉ ከበለጠ አርቲ 3። አርቲ 3 ላይ ሙሉ ሽፋን ቃል የገባ ሰው ውሸት ተናግሯል።

የተበላሸብኝ እዚሁ ላይ ነው። ምድቡ የተመሠረተው በጥርሶች መካከል ባለው ልክ ላይ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ የታች ፊት ጥርሶች መካከል በታርታር (ጥርስ ላይ በጠጠረ ቆሻሻ) ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ምራቅ የሚፈልቅበት ቦታ ቅርብ ስለሆነ ታርታሩ እዚያ ቶሎ ይጠጥራል። ፕሮቡ ሲገባ ታርታሩ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ የኤናሜሉ መጨረሻ ተቀብሯልና እጅ ላይ አይሰማም። መካከሉ ላይ ያለው ድድም አብጦ ሾጣጣው ሙሉ ይመስላል። «የመካከሉ የኤናሜል መስመር አልተገኘም» ማለት በካይሮ ቋንቋ አርቲ 1 ነው። እኔም አርቲ 1 ብዬ ጻፍኩ።

በቁጥር ላሳይ። አንድ የታች ፊት ጥርስ፣ ከመታጠቡ በፊት፦ ከፊት ለፊት መሸሹ 3፣ ኪሱ 2፣ ድምሩ 5 ሚሊሜትር። መካከሉ ላይ ፕሮቡ 2 ገብቶ ቆመ፣ መስመር የለም። ታርታሩ ተነስቶ እብጠቱ ከወረደ በኋላ፦ ከፊት ለፊት መሸሹ 4፣ ኪሱ 1፣ ድምሩ ያው 5። መካከሉ ላይ ግን መስመሩ ተገኘ፤ ከሱ በታች መሸሹ 2፣ ኪሱ 2፣ ድምሩ 4። 4 ከ5 ያንሳል፤ ስለዚህ አርቲ 2። ጥርሱ ያው፣ ሰውየው ያው፣ ምድቡ ሌላ። ኤክስሬይ ብናነሳ ኖሮ የመካከሉ አጥንት መጉደሉ ከመጀመሪያው ይታይ ነበር፤ አለማንሳቴ ዛሬም ያበሽቀኛል።

ያ 3 ወደ 4 መቀየሩ ሌላ መዘዝ አለው። ታካሚው መስታወት ያይና «ዶክተር፣ ድዴ የሸሸው ካጠባችሁኝ ወዲህ ነው» ይላል። እውነት አለው፤ ድዱ ወርዷል። ጥርሱ ያጣው ድጋፍ ግን ቀድሞም 5፣ አሁንም 5 ነው፤ የወረደው እብጠቱ ነው። ይህን ሳይታጠብ በፊት ቁጥሩን እያሳየሁ እነግረዋለሁ። ከታጠበ በኋላ የሚነገር ማስረዳት ሰበብ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው ወጥመድ ንቅሳት ነው፤ እኔ ያየሁት ከውጭ የመጣ መመሪያ ስለሱ አንድ ቃል አይልም። የድዱን ውፍረት ለመገመት ፕሮቡን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ብረቱ በድዱ በኩል ይታያል ወይ ብሎ ማየት ነው ደንቡ፤ ከታየ ስስ ነው፣ ካልታየ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ወፍራም። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶቻችን ላይ፣ በተለይ የላይኛው ፊት ላይ፣ ምንም ስስ ቢሆን ብረቱ አይታይም። ሁሉም «ወፍራም» ይሆናሉ። እኔ በማደንዘዣ፣ የጎማ ማቆሚያ ያለው የሥር ማከሚያ ቀጭን ፋይል (መርፌ መሰል ብረት) ከጠርዙ 1.5 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጌ እስከ ጥርሱ ወግቼ፣ ጎማው እስከቆመበት እለካለሁ። መቅላትም በንቅሳት ሥር አይታይም፤ ፕሮቡ ሲነካ መድማቱን ማመን ይሻላል። የጠንካራውን ድድ ወሰን ደግሞ በቀለም መፈለግ ትቼ፣ ለስላሳውን ሥጋ በፕሮቡ ጎን ወደ ጠርዙ እየገፋሁ የሚታጠፍበትን አያለሁ።

መፋቂያን በተመለከተ «ተው» የሚለውን ምክር አልከተልም። ወይራም ሆነ ክትክታ ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ከለሰለሰ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ከተጠረገበት ችግር የለብኝም። ጉዳቱ ወደ ጎን እንደ መጋዝ መሳቡ ነው፤ ክራንቻውና ከኋላው ያሉት ጥርሶች አንገት ላይ ቦይ ያወጣል። ቦዩ የኤናሜሉን መስመር ካጠፋው በምድቡ ላይ «ቢ» ተብሎ ይጻፋል፣ ካላጠፋው «ኤ»፤ ጥልቀቱ ከ0.5 ሚሊሜትር ካለፈ የመደመር ምልክት ይጨመርበታል። መስመሩ የጠፋ ጥርስ የሚለካው ከጎረቤቱ ወይም በወዲያኛው ጎን ካለው አቻው በመነሳት ነው።

እብጠቱ እስኪወርድ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቆ ዳግም መለካት ነው ትክክሉ። ከደጀን ገጠር ለመጣ ገበሬ «ከ8 ሳምንት በኋላ» ማለት ግን ምንም ማለት አይደለም። ለቅበላ ሰሞን ታጥቦ ፋሲካ ሲወጣ እንዲመለስ ነው የምቀጥረው፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ልኩን ይሞላል፣ ማንም አይረሳውም።

በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ ሚሊሜትሮቹን ብቻ እጽፋለሁ፤ የምድቡ ሳጥን ባዶ ይቀራል። «ያልተሞላ» ተብሎ ይመለስልኛል። እኔም ባዶውን መልሼ እልከዋለሁ።