4294967297ን በእርሳስና በወረቀት እንዴት ፈታሁት

ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው 4294967296ን ሳያውቀው አይቀርም፤ ሠላሳ ሁለት 2ቶች ሲባዙ የሚመጣው ቁጥር ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከእሱ በ1 የሚበልጠው ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ ገምቶ ነበር። ሊዮናርድ ኦይለር በ1732 ግምቱን አፈረሰው። እኔም ያለ ኮምፒውተር ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ።

ለ3፣ ለ7፣ ለ11 እያሉ በተራ ማካፈል አያዋጣም፤ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ከ6,500 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ደግነቱ ኦይለር ወንፊት ትቶልናል፦ የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ 65፣ 129፣ 193፣ 257 እያልኩ ጻፍኩና ብቸኛ ያልሆኑትን ሰረዝኩ። ከ641 በፊት የተረፉት 193፣ 257፣ 449 እና 577 ብቻ ናቸው።

ትልቁን ቁጥር ራሱን ደግሞ ጨርሶ አልነካሁትም። የሚፈለገው ቀሪው ነው። 65536 በራሱ ሲባዛ 4294967296 ስለሚሆን፣ የ65536ን ቀሪ ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ እንደገና ቀሪውን ማውጣት፣ ከዚያ 1 መደመር ይበቃል። በ193 ስሞክር 109 ተረፈ፤ በ257፣ 2፤ በ449፣ 325፤ በ577፣ 288። 641 ላይ ስደርስ 65536 ሲካፈል 154 ተረፈ። 154 በ154፣ 23,716። 641 በ37 ደግሞ 23,717! የጎደለችው 1 ያቺው መጨረሻ ላይ የምንደምራት ናት። ምንም ቀሪ የለም። ሌላኛው አካፋይ 6700417 ሆኖ ወጣ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል፤ ለእኔ ግን ሥራው ገና ግማሽ ነው። 6700417 ራሱ ብቸኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? የእሱ አካፋይ የትልቁም አካፋይ ስለሆነ ያው ወንፊት ይሠራል። ኤድዋርድ ሉካስ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ 64ን ወደ 128 ስላሳደገው ወንፊቱ ይበልጥ ጠቧል። ስኩዌር ሩቱ 2,588 ገደማ ነው፤ ቀደም ሲል ከወደቀው 257 ሌላ እስከዚያ መሞከር የነበረብኝ 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ብቻ ሆኑ። ቀሪያቸው በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334፣ 622። ብቸኛ ነው።

ለጀማሪ ግን በ4294967295 እንዲጀምር እመክራለሁ። እሱ 65537 በ65535 ነው፤ 65535ም 257 በ255፤ 255 ደግሞ 17 በ15። ያለ ምንም ድካም 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ይወጣሉ።

የሚቀጥለው የፌርማ ቁጥር፣ ማለትም 4294967296 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት የሚመጣው፣ 18446744073709551617 ነው። በእሱ ወንፊቱ በ256 ይራመዳል፤ ትንሹ አካፋዩ 274177 የሚገኘው 1,071ኛው እርምጃ ላይ ነው። እሱን በእርሳስ አልሞክረውም።