መጠይቁ የማያየው መገለል

ሶሲዮሎጂ ከተማርኩበት ጊዜ ጀምሮ የሚያሳስበኝ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ኢፍትሐዊነትን ለመለካት የምናደርገው ጥናት ራሱ የተገለሉትን ሰዎች ሳያያቸው ሊያልፍ መቻሉ ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩ ባለ እጆችና የአዳኝ ማኅበረሰቦች ጉዳይ ላይ ነው። በወላይታ ቺናሻ፣ በጋሞ ማና እና ደጋላ፣ በከፋ ማንጆ፣ በጉራጌ ፉጋ ይባላሉ። ብዙዎቹ እነዚህን ስሞች እንደ ስድብ ስለሚሰሟቸው ከዚህ በኋላ አልደጋግማቸውም። ሸክላ ይሠራሉ፣ ቆዳ ይፍቃሉ፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ከደን በሚያገኙት ከሰልና ማር ይተዳደራሉ። ከገበሬው ጎረቤታቸው ጋር በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በአንድ ማዕድ ግን አይቀርቡም፣ አይጋቡም፣ በብዙ ቦታም በአንድ መቃብር ስፍራ አይቀበሩም።

አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያሳተሙት የጥናት ስብስብ ይህን መገለል በየመልኩ ለይቶ አሳይቷል። መኖሪያቸው ከመንደሩ ዳር ወይም ከደኑ ጠርዝ ነው፤ በገበያም ዕቃቸውን የሚዘረጉት ከዳር ነው። መሬት የማግኘትና በሸንጎ የመናገር መብታቸው ለረጅም ዘመን የተገደበ ነበር፤ ርኩስ ሥጋ ይበላሉ ወይም ቡዳ ናቸው ይባላሉ። በገበሬው ደጃፍ ሲደርሱም ምግቡ በቅጠል ላይ ተደርጎ እንዲቀርብላቸው የሚደረግበት ሁኔታ ነበር፤ ይህም ሳህኑ እንዳይነካ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የለቅሶው ጉዳይ ነው። በብዙ አካባቢ ለቅሶው ያለ እነሱ ከበሮና ዜማ አይደምቅም፤ ይሁን እንጂ ለሥርዓቱ የግድ የሚፈለጉት ሰዎች ምግብ ሲቀርብ ተለይተው ይቀመጣሉ።

ችግሩ ከሙያው ነው እንዳይባል ሽመናን መመልከት ይበቃል። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ሸማኔ ሲናቅ ኖሯል፤ በጋሞ ደጋ፣ በተለይም በዶርዜ፣ ሽመና በርካታ ወንዶች የያዙት ሥራ በመሆኑ በትውልድ ቀዬው ማንንም አያሳፍርም። ስለዚህ ንቀቱ የሚመጣው ከሥራው ባሕርይ ሳይሆን ሥራውን ማን እንዲሠራ ከተፈቀደበት ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ሕግም ብቻውን ብዙ ርቀት አልወሰደንም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ያልነበራቸው ብዙ ባለ እጆች መሬት እንዲያገኙ በር ከፍቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። እነዚህ ትልልቅ እርምጃዎች ናቸው፤ ነገር ግን ማዕዱ ዘንድ አልደረሱም።

ወደ ጥናቱ ልመለስ። ድህነትን የምንለካበት የተለመደው መጠይቅ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን፣ የከብቱን ብዛት፣ የመሬቱን ስፋት ይጠይቃል። ከሸክላ ሽያጭ ቆርቆሮ ያለበሰች ሴት በዚህ መለኪያ ከጎረቤቷ ጋር እኩል ትሆናለች፤ ጎረቤቷ ግን ቤቷ ገብቶ ውኃ አይጠጣም። ከዚህ የባሰው ናሙናው ሲወጣ የሚፈጠረው ስሕተት ነው፤ የመሬት መጠቀሚያ ግብር መዝገብን መነሻ ያደረገ ጥናት መሬት የሌለውን ቤተሰብ ገና ከጅምሩ አይመርጠውም። ተመራማሪውም ብዙውን ጊዜ በቀበሌው አስተዳደር በኩል ገብቶ ከገበሬ ቤት ያርፋል፣ አስተርጓሚውም ከዚያው ወገን ይሆናል። በእነዚህ ሰዎች ፊት ለቡድን ውይይት የተጠራች ሸክላ ሠሪ ዝም ብትል ዝምታዋ በማስታወሻችን ላይ «አስተያየት የላትም» ተብሎ መመዝገብ የለበትም፤ እዚያ መናገር ነገ በገበያ ምን እንደሚያስከትልባት ከእኛ ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናት። ባለ እጁ ቤት ገብቶ ቡና የጠጣ ተመራማሪ ራሱ በገበሬው ቤት ፊት ሊነሳው ይችላል፤ ይህ ከደረሰበት ለጥናቱ ከብዙ ሠንጠረዥ የበለጠ መረጃ አግኝቷልና በዝርዝር ሊጽፈው ይገባል።

ስለሆነም ለመስክ የሚወጡ ወጣት ተማሪዎች ሲያማክሩኝ በመጀመሪያው ሳምንት ከባለ እጆቹ መንደር እንዲጀምሩ፣ አስተርጓሚም ከእነርሱ መካከል እንዲፈልጉ እመክራቸዋለሁ። በመጠይቁም ላይ ከቆርቆሮው ጥያቄ ጎን ሌላ እንዲገባ እጠይቃለሁ፦ ባለፈው ወር ከዘመድ ሌላ ማን ቤትዎ ገብቶ ቡና ጠጣ? እርስዎስ በማን ቤት ጠጡ? ጥያቄው ለገበሬውም ለባለ እጁም እኩል መቅረብ አለበት፤ ምክንያቱም የሚፈለገው መልስ የሚገኘው የሁለቱን ስም ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማን በማን ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ በማየት ነው።