ወፏና አያቴ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ዝናቡ ይሁን እንቅልፍ ማጣቴ እንጃ። አራት ኪሎ ከታክሲ ስወርድ ዶፉ ወረደና አንድ ሕንፃ ሥር ተጠለልኩ። አንድ መጽሐፍ አዟሪ ልጅ አጠገቤ ነበር። ክምሩን በላስቲክ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። መጽሐፎቹን ጠብታ አልነካቸውም፤ እሱ ግን በስብሷል።

እሱን ሳይ የሌሊቱ ፊልም ተመለሰብኝ። እንቅልፍ የነሳኝም እሱው ነው።

«ፋራናይት 451» ነው ያየሁት፤ በ2018 የተሠራውን። (የፊልሞቹና የመጽሐፉ ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) መጽሐፉን ስንት ጊዜ አውርቼላችኋለሁ። ሬይ ብራድበሪ በ1953 ያሳተመው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት ማጥፋት ትተው መጽሐፍ የሚያቃጥሉበት አገር ታሪክ። ሰውየው የጻፈው አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት 10 ሳንቲም በሚከፈልበት የኪራይ የጽሕፈት መኪና። ለመጀመሪያው ረቂቅ 9 ዶላር ከ80 ሳንቲም አወጣ። ስለ መጽሐፍ መቃጠል ሲጽፍ ከራሱ በላይ ያ ሁሉ መጽሐፍ ተደርድሮ እንደነበር ሳስብ ሁሌ ልቤ ይነካል።

አዲሱ ፊልም ታሪኩን ወደ እኛ ዘመን ለማምጣት ለፍቷል። ቃጠሎው በሕንፃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ተመልካቹ ኢሞጂ ያዘንባል። ይሄ ጥሩ ነው፣ አምኜዋለሁ። ግን የዋናውን ሰውዬ፣ የሞንታግን፣ ሚስት ጨርሰው አወጧት! መጽሐፉ ውስጥ ይህች ሴት ሳሎኗ በሦስት ወገን ግድግዳው ሁሉ ቴሌቪዥን ነው፤ አራተኛው ይጨመርልኝ ትላለች። ጆሮዋ ውስጥ ዛጎል የሚሏት ትንሽ ራዲዮ ሰክታ ታድራለች። በ1953 የተጻፈ ነው ይሄ። ዛሬ የመጣሁበት ታክሲ ውስጥ ከረዳቱ በቀር ጆሮው ክፍት የሆነ ሰው አላየሁም። እሷን ማዘመን አያስፈልግም ነበር። ዘመኑ ራሱ ሄዶ ደርሶባታል።

በ1966 ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ ከዚሁ መጽሐፍ የሠራውን ፊልም የምወደው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ የተዋንያኑ ስም አይጻፍም፤ አንድ ድምፅ ይጠራዋል። ማንበብ የተከለከለበት አገር ነዋ። መጨረሻ ላይ ደግሞ መጽሐፍ ለማዳን የሸሹት ሰዎች በረዶ እየወረደባቸው ጫካ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እያንዳንዱ የያዘውን መጽሐፍ በቃሉ እያነበነበ።

በአዲሱ ፊልም ግን የሰው ልጅ የጻፈው ሁሉ ዲኤንኤ ውስጥ ገብቶ አንዲት ወፍ ትሸከመዋለች። በቃላቸው የሚይዙት ሰዎችም አሉ፤ ተስፋው ግን ወፏ ላይ ነው። ብልህ ሐሳብ ነው፤ መረጃን ዲኤንኤ ላይ የማስቀመጥ ሳይንሱም አለ። እኔን ግን ከፋኝ። ወፏ የተሸከመችውን አታውቀውም። መጽሐፉ ውስጥ ሞንታግ የያዘው መጽሐፈ መክብብን ነበር፤ አውቆ፣ ተጨንቆ፣ እረሳው ይሆን ብሎ እየፈራ።

አያቴ ዳዊት በቃላቸው ነበር። ቆሎ ተማሪ ሳሉ የያዙት። ዐይናቸው ከጠፋ በኋላም ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የዕለቱን ድርሻ ይደግሙ ነበር፤ ገጹን በየቦታው እየገለጡ። እኛ ልጆቹ ከኋላ ቆመን እንከታተላለን። አንድ ቀን ሁለት ቅጠል አብሮ ተገለጠባቸው። ንባቡ ግን አንድ ቃል አልዘለለም። ያኔ ሳቅን። አሁን ሳስታውሰው ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

እኔስ? ስልኬ ውስጥ ከቴሌግራም ያወረድኩት መጽሐፍ ከ300 ይበልጣል። በቃሌ የያዝኩት አንድም የለም።

ይህን ፊልም እዚህ እኛ ብንሠራው ብዬ ሳስብ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና አይታየኝም። የሚታየኝ ምጣድ ነው። በእኛ 1969፣ በደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሰሞን፣ እማዬ የአጎቴን መጽሐፎች በገዛ እጇ አቃጥላለች። ጎረቤት በጢሱ እንዳይጠረጥር እንጀራ እየጋገረችበት። የቤቱ ሰው ያንን እንጀራ በላ። ማንም መጥቶ አቃጥሉ አላላትም፤ ፍርሃቱ በቂ ነበር። ልቦለዱ ውስጥ አለቃው ካፒቴን ቢቲ ለሞንታግ የሚነግረው ለዚህ የቀረበ ነገር ነው፤ ሰው መጀመሪያ በራሱ መጽሐፍን ተወ፣ እሳቱ ከኋላ መጣ ይለዋል። ግን እማዬ አልተወችም። ወንድሟን ልታተርፍ ነው። ብራድበሪ እንደሷ ያለ ሰው አልጻፈም፤ ፊልም ሠሪዎቹም አላመጡም። የሚያቃጥለው ሰው በአብዛኛው ክፉ ወይም የታለለ ነው። እንዳይያዙ ፈርተው የሚያቃጥሉ ቢኖሩም በቃላቸው ከያዙት በኋላ ነው፤ ለሰው ሳስቶ የሚያቃጥል የለም።

ማታ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ የጋሼ መጽሐፎች ምን ምን ነበሩ?»

ዝም አለች። ቀጥላ «ምን አስታወሰሽ ዛሬ?» አለችኝ።

«እንዲሁ።»

«እኔ ምኑን አውቄ። ርእሱን እንዳላይ ፊቴን አዙሬ ነው የምከተው። አንዱ ብቻ ሰማያዊ ልባስ ነበረው። ወፍራም። እምቢ አለ፣ እምቢ አለ፣ ቶሎ አልነድ አለ። እሱን ሁለቴ ነው የቆሰቆስኩት።»

ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። አጎቴ ከዚያ ዓመት በኋላ ወደ ቤት አልተመለሰም፤ እሱን መጠየቅ አይቻልም።

አሁን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ሰማያዊ፣ ወፍራም። እያገላበጥኩ ነው። ምን ይሆን የነበረው? ከመንደዱስ በፊት አጎቴ አንብቦ ጨርሶት ነበር?