ያልቆጠርኳቸው መስመሮች፦ ለአይ3 ፕሮሰሰር ግራፊክስ ካርድ ስመርጥ

ኮምፒውተሩ ኮር አይ3 10100ኤፍ ነው፤ አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ። ማዘርቦርዱ ኤች410፣ ራሙ ባለ 8 ጊጋ ሁለት፣ ሞኒተሩ 1080ፒ። ጌም በመካከለኛ ሴቲንግ ማጫወት፣ ስክሪን መቅዳትና ቀላል የቪዲዮ ኤዲቲንግ ነበር የምፈልገው። አር ኤክስ 6500 ኤክስቲ ገዛሁበት፤ ተሳሳትኩ። ካርዱ ጉድለት የለበትም፤ ከዚህ ማዘርቦርድ ጋር ግን አይሄድም። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የመግጠሙ ሥራ ቀላል ነው። የኬዙን ውስጥ በሜትር ለኩ፣ የድሮውን ድራይቨር ዲዲዩ በተባለው የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ አዲሱን ጫኑ። መጨረሻው ላይ “ኤፍ” ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ይሰካል። በዚህ በኩል ምንም ችግር አልገጠመኝም።

ችግሩ ያለው ስሎቱ ውስጥ ነው። ካርዱ የሚገባበት ረጅም ስሎት ዳታ የሚመላለስባቸው 16 መስመሮች አሉት፤ 6500 ኤክስቲ ግን ከእነዚህ የሚጠቀመው አራቱን ብቻ ነው። ሲገጠም ሞልቶ ስለሚገባ በዓይን አይታወቅም። ካርዱ የተሠራው ለፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርድና ኮምፒውተር የሚገናኙበት ስሎት) 4.0 ትውልድ ሲሆን በዚያ ትውልድ አራት መስመር በሰከንድ 8 ጊጋባይት ያህል ያስተላልፋል። 10100ኤፍ ግን 3.0 ነው። ስለዚህ ያው አራት መስመር ወደ 4 ጊጋባይት ይወርዳል። 16 መስመር የሚጠቀም ካርድ በዚሁ ስሎት ላይ ወደ 16 ጊጋባይት ያገኛል።

ካርዱ ብዙ ሜሞሪ ቢኖረው ይህ ጥበት ብዙም አይሰማም ነበር። የገዛሁት ግን ባለ 4 ጊጋ ነው። ጌሙ ከ4 ጊጋ በላይ ሲፈልግ የተረፈው ቴክስቸር (የጌሙን ዕቃዎች የሚያለብሰው ምስል) ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል፣ በተፈለገ ቁጥርም በእነዚያ አራት መስመሮች ይመላለሳል። ምልክቱ ሰውን ያሳስታል፤ አማካይ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ደህና ቁጥር ያሳያል፣ እጅ ላይ ግን ጌሙ ይንገጫገጫል። ካሜራውን በፍጥነት ስታዞሩ ወይም አዲስ ቦታ ስትገቡ ለቅጽበት ይቆማል። ሌላውን ሴቲንግ ሁሉ እንዳለ ትታችሁ ቴክስቸሩን ብቻ አንድ ደረጃ ስታወርዱት መንገጫገጩ ከጠፋ፣ ሜሞሪው ሞልቶ መስመሩ እንደጠበበ እወቁ። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ፕሮሰሰሩን ስወቅስ፣ ራሙን ስነቅልና ስሰካ ከረምኩ።

በጂፒዩ-ዚ ፕሮግራም ማረጋገጥ ይቻላል። “ባስ ኢንተርፌስ” የሚለው ቦታ ካርዱ የሚችለውንና አሁን የሚሠራበትን ጎን ለጎን ያሳያል። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ከአጠገቡ ያለውን የጥያቄ ምልክት ተጭናችሁ ሙከራውን አስነሱና አንብቡ። ከመግዛት በፊት ግን ፕሮግራም አያስፈልግም። የካርዱን የመስመር ብዛትና የፕሮሰሰሩን ትውልድ ከአምራቾቹ ዝርዝር ላይ ማየት ይበቃል። ሁለቱም በግልጽ ተጽፈው ሳለ ያላነበብኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማዘርቦርዱን ብቻ አይታችሁ እንዳትረጋጉ። 4.0 የሚችል ቢ550 ቦርድ ላይ የኤኤምዲው ራይዘን 5 5500 ፕሮሰሰር ከተገጠመ የካርዱ ስሎት 3.0 ሆኖ ይቀራል፤ 5600ጂም እንደዚያው። ራይዘን 3 3200ጂ ደግሞ ለካርዱ የሚሰጠው ስምንት መስመር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚሁ ምርጫ የመጣ ነው። 6500 ኤክስቲም ሆነ ታናሹ 6400 ቪዲዮ የሚጠቀልል ኢንኮደር የላቸውም። 10100ኤፍም ግራፊክስ ስለሌለው ኢንኮደር የለውም። ስለዚህ ስክሪን ሲቀዳም ኤዲት የተደረገው ኤክስፖርት ሲሆንም ሥራው በሙሉ አራቱ ኮር ላይ ይወድቃል። ጌም እየተጫወቱ መቅዳት እንግዲህ አይታሰብም። ያለ “ኤፍ” የሆነው 10100 ቢሆን ኖሮ በውስጡ ያለው ኢንኮደር ይህን ይሸከም ነበር። ኤዲቲንግ ለምትሠሩ ይህን ጥምረት በፍጹም አልመክርም።

ሱቁ ውስጥ የጠየቅሁት “ይገጥማል ወይ?” ብዬ ነበር። “ይገጥማል” ተባልኩ፤ እውነት ነው፣ ገጠመ። በኋላ ስለ መስመርና ስለ ኢንኮደር ስጠይቅ የሚመልስ አልነበረም፤ ደረሰኙ ላይ ግን “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለው ጎልቶ ታትሟል። ዕቃውን የሚሸጥ ሰው የዕቃውን ዝርዝር ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። “ፕሮሰሰርና ካርድ ይጣጣማሉ ወይ” የሚሉትን የኢንተርኔት ማስያዎችም ትቻቸዋለሁ። እኔ የሞከርኩት ሁለት ስም ተቀብሎ ፐርሰንት ሰጠኝ፤ የስሎቱን ትውልድ፣ የምጫወተውን ጌም፣ የራሙን አሰካክ አልጠየቀም።

ፕሮሰሰሩ ካርዱን እየገታው እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ጌሙን በ1080ፒ አስነሱና ፍሬሙን ጻፉ፤ ከዚያ ወደ 720ፒ አውርዱት። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ካርዱ ነው የደከመው፣ የተሻለ ካርድ ይጠቅማችኋል። ምንም ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ጣሪያው ላይ ደርሷልና ውድ ካርድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ አጠቃቀም 60 በመቶ ስላለ አትታለሉ፤ አንድ ትሬድ ብቻውን ሞልቶ ሌላውን ሊያስጠብቅ ይችላል። ራማችሁ አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነም ከካርዱ በፊት ሁለተኛውን ግዙ።

6500ውን በኪሳራ ሸጬ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ገዛሁ። 6 ጊጋ ሜሞሪ፣ ሙሉ 16 መስመር፣ ጥሩ ኢንኮደር አለው፤ ለ3.0 ማዘርቦርድ በዚህ ደረጃ የምመርጠው እሱን ነው። አር ኤክስ 6600ም ስምንት መስመር ቢሆንም 8 ጊጋ ስላለው 3.0 ላይ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ አይ3 12100ኤፍ ላላቸው ደግሞ ቀዳሚው ምርጫዬ ነው። አርክ ኤ380 የሚያስቡ ባዮሱ ውስጥ “ሪሳይዘብል ባር” (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲደርስበት የሚያደርግ ሴቲንግ) መኖሩን መጀመሪያ ይዩ፤ ያለሱ ካርዱ በጣም ይደክማል።

ፓወር ሳፕላይ ላይ ከአምራቹ ምክር እለያለሁ። ለ1660 ሱፐር 450 ዋት ይላሉ። ካርዱ 125፣ ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ 90 ያህል፣ ለሌላው ሁሉ 50 ብትይዙ 265 ነው፤ ጥሩ 400 ዋት በቂው ነው። ስሙ የማይታወቅ “500 ዋት” ግን አትመኑ። ጎኑ ላይ ያለውን የ12 ቮልት አምፔር በ12 አባዙ፤ 30 አምፔር ማለት 360 ዋት ነው።

ስላሽ የቢሮ ኮምፒውተር ላላችሁ ነገሩ ይጠብባል። በቀጫጭኖቹ ሣጥኖች ያለው ፓወር ሳፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ለካርድ የሚሆን ገመድ የለውም። ከስሎቱ በሚያገኘው 75 ዋት የሚሠራ፣ ገመድ የማይፈልግ፣ ቁመቱም አጭር የሆነ ጂቲኤክስ 1650 ፈልጉ፤ ባለ 6 ፒን የፓወር ገመድ የሚፈልጉም ስላሉ ፎቶውን ሳይሆን ዕቃውን እዩ። ከሳታ (የሃርድ ዲስክ ፓወር ሶኬት) ወደ 6 ፒን የሚቀይረውን ገመድ አትጠቀሙ። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ 6 ፒኑ እስከ 75 ይስባል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስገጥማችሁ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። አር ኤክስ 580 ተብሎ የሼደሩ (የካርዱ ትንንሽ ማስያ ክፍሎች) ብዛት 2304 ሳይሆን 2048 ካለ፣ አቅሙ የ570 ስለሆነ በ570 ዋጋ ተደራደሩ። ባዮሱ ተቀይሮ 1050 ቲአይ የተባለ አሮጌ ካርድ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ “ፌክ” ብሎ ይጽፍበታል።