ቫልቩ ለምን ፈጠነ?

ፋብሪካችን ውስጥ ሁለት የውሃ ታንከሮች ነበሩ። አንዱ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠውን ቦይለር ይመግባል፣ ሌላው የጠርሙስ ማጠቢያውን። ፓምፑ ግን አንድ ነው። መሃል ያለው ባለሦስት አፍ ቫልቭ ውሃውን ወደ አንዱ ብቻ ይልካል። የሌላኛው ውሃ ዝቅተኛው ምልክት ላይ ሲደርስ ወደዚያ ይዞራል።

አንድ ቀን ከሰዓት ቫልቩ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ መጣ። በመጨረሻ ወዲያ ወዲህ ሲል ሞተሩ ግሎ በእጅ አይነካም ነበር። "አለቀለት" ተባለና በአዲስ ተቀየረ። አዲሱም በማግሥቱ ያንኑ ደገመው።

"ጋሼ፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚዞር እስቲ ይያዙልኝ" አልኳቸው የጥገናውን አንጋፋ። ካርቶን ላይ ጻፉት፦ 9፣ 6፣ 4፣ ከዚያ ሦስት የማይሞላ።

"ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ዝም ብሎ ብልሽት አይደለም። ሥርዓት አለው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የቀዳሚው ሁለት ሦስተኛ ነው። ፍሰቱን ለካን። ከእያንዳንዱ ታንከር በሰከንድ 3 ሊትር ይወጣል፤ ፓምፑ የሚሰጠው 5 ብቻ ነው። ስለዚህ የተራው ታንከር በሰከንድ 2 ሊትር ሲያገኝ ሌላው 3 ያጣል። ቀጣዩ ተራ ሁሌም ያጥራል ማለት ነው። 9 ሲደመር 6፣ ሲደመር 4 እያልን ያለማቋረጥ ብንቀጥል ድምሩ ከ27 ደቂቃ አያልፍም። በሒሳቡ ከሄድን ቫልቩ 27 ደቂቃ ሳይሞላ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ መዞር አለበት! የዘርፉ ምሁራን ይህን ክስተት በጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ በዜኖ ስም ይጠሩታል።

ድብልቅ ሲስተም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ውሃው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ቫልቩ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በአንዴ ይዘላል። ታንከሮቹንም ቫልቩንም ለየብቻ ብትፈትሽ ጤነኛ ናቸው። አብረው ሲሠሩ ካላየሃቸው ምንም አይገለጥልህም።

"አንዴ ከዞረ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አይመለስ" የሚል ሐሳብም ቀረበ። ቫልቩን ያተርፋል። ግን በሰከንድ የጎደለችው 1 ሊትር በፕሮግራም አትመጣም። ቦይለሩ ውሃ አጥቶ ሊፈነዳ ይችላል፣ ያ ደግሞ ለሰው ሕይወት ያሰጋል።

ጋሼ የፓምፑን ማጣሪያ ሲከፍቱት በደለል ታፍኗል። ሲጸዳ ፍሰቱ 7 ሊትር ደረሰ፤ ቫልቩም ተረጋጋ። ቫልቩን የሚያዘው ኮምፒውተር (ፒኤልሲው) ላይም አንድ ትእዛዝ ጨመርን፦ የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ መጀመሪያ ማጠቢያው ይቁም። ምርት ክፍሉ ቅር ብሎት ነበር። በቦይለሩ ጉዳይ ግን አልተደራደርንም።