የኒውዮርክ ጉዞዬና የኩቤክ ጭስ

ከዋሽንግተን ኒውዮርክ የባስ መንገድ ነው፣ ስለሱ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነው የሄድኩት። ጁን 6፣ 2023 ማታ ደርሼ ከባሱ ስወርድ የሚነድ እንጨት ሸተተኝ፣ እዚሁ ቅርብ ቤት የተቃጠለ መሰለኝ። ለካ ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ የሚቃጠለው ደን ነው! በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ እኮ ነው የመጣው። ሰሜን ምስራቅ በኩል የቆመ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ነፋሱን እያዞረ ጭሱን ቀጥ አድርጎ ወደ ደቡብ ሲነዳው ነበር።

ሌሊቱ ክፉ ነበር። መስኮቱ ላይ የተገጠመውን ኤሲ ከፍቼ ተኛሁ፣ ጉሮሮዬ እየከረከረኝ ስነቃ ስተኛ ነጋ። ጠዋት ሳየው የውጪ አየር የምታስገባዋ ትንሽ እጀታ ክፍት ሆና ነው ያደረችው። ለዚህ ክፍል 210 ዶላር ከፍዬ አንድ ሰው እንኳን ዝጋት አይለኝም? በጣም ነው የተናደድኩት። እናቴ ማድ ቤት ጭስ ሲበዛ "በሩን ክፈተው" ነበር የምትለኝ፣ እዚህ ግን መክፈቱ ነው ጥፋቱ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ብርቱካናማ ሆነ። ብናኙ ሰማያዊውን ብርሃን ይበትነዋል፣ የሚያልፈው ቀላ ያለው ነው፣ ይሄን ባውቅም ቀን ላይ ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት ያስፈራል። የከተማዋ የአየር ጥራት መለኪያ ከ400 አለፈ፣ ከ300 በላይ ለማንም ሰው አደገኛ ነው። ወደ ላጓርዲያ የሚመጡ በረራዎች ለጊዜው ቆሙ፣ የያንኪስ ቤዝቦል ጨዋታም ተላለፈ።

አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ፋርማሲ ተሰለፍኩ፣ ማስክ አልቋል፣ ውጪ አንዱ ፍሬውን 5 ዶላር ይላል። በስልክ አማርኛ ሳወራ የሰሙ አንድ እናት ዞር ብለው "የኔ ልጅ፣ ይሄ ጨርቅ አያድንህም" አሉኝ። ነርስ ናቸው። ከቦርሳቸው ኤን95 የሚባለውን ብናኝ የሚያጣራ ማስክ አውጥተው ራሳቸው አደረጉልኝ፣ አፍንጫዬ ላይ ያለችውን ሽቦ በሁለት ጣታቸው ጫን ጫን አደረጓትና "አሁን ተንፍስ፣ በጎን ከገባ አላደረግክም ማለት ነው" አሉኝ። አመዱ እዚያው እሳቱ አጠገብ ይወድቃል፣ ሩቅ የሚሄደው ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ብናኝ ነው፣ የሰው ፀጉር ከ20 እጥፍ በላይ ይወፍረዋል፣ ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ለቀናት ይቆያል፣ ሳንባ ድረስ ዘልቆ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። "ሽታው ጠፋ ብለህ እንዳታወልቀው" አሉኝ፣ ምክንያቱም ጭሱ በአየር ላይ ሲጓዝ ውስጡ ያለው ጋዝ ፀሐይ ሲያገኘው አዲስ ብናኝና ኦዞን ይሆናል። ልክፈል ብላቸው እሺ አላሉም፣ ስማቸውን እንኳን ሳልጠይቅ ተለያየን፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጁን 8 ስመለስ ጭሱ ቀድሞኝ ዋሽንግተን ገብቷል። የሳቸውን ማስክ መንገዱን ሙሉ አላወለቅኩትም። ቤት ገብቼ ሻንጣዬን እንኳን ሳላስቀምጥ በቀጥታ ወደ ኤሲው ሄጄ እጀታዋን ዘጋኋት።