«ስንተኛ ወጣሽ?»

ልጆቻችንን ቤት ማስተማር ከጀመርን ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ምን ዓይነት ሰው እንዲሆኑልን ነው የምንደክመው? ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን እሴቶቻችንን ጻፍን። አሥራ አንድ ሆኑ። በዛ።

ዛሬ ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅሬን ወጣን፣ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የኖሩት የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ልጄ የእንጨቱን ሥራ አንጋጦ ሲያይ ቆየና «የሠራው ሰውዬ ስሙ ማን ነው?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። ድሮ አስተማሪ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እሱ ግን ደስ አለው፤ «እንፈልገዋለን» አለ።

ማታ ቡና እየለቀምኩ ወረቀቱን አወጣነው። ከአሥራ አንዱ ጥቂቱን ብቻ ልናስቀር ነው። መጠየቅ ይቆይ አልን። እውነት መናገር ይቆይ። በእጅ መሥራትም። «ጉብዝና» የሚለውን መሰረዝ ግን በጣም ከበደኝ። እኛ እኮ «ስንተኛ ወጣሽ?» እየተባልን ነው ያደግነው። አምስተኛ የወጣሁ ቀን ካርዴን ደረቴ ውስጥ ደብቄ ቤት የገባሁት አሁንም ትዝ ይለኛል። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ሰረዝኩት።

ቅድም ጎረቤታችን እትዬ ብቅ ብለው ትንሿን ልጄን «የኔ ቆንጆ፣ ዘንድሮ ስንተኛ ወጣሽ?» አሏት።

«ጅሬን ነው የወጣሁት» አለቻቸው።